ለሌላ ጊዜ የተላለፈው ሩጫ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው አንበሳ ክፉ አይደለም። ክፉ አንበሳ የምትፈልጉ ሌላ ተራኪ ፈልጉ፤ ሞልተዋል። የእኔው አንበሳ ጠዋት ጠዋት ከዋሻው ወጥቶ ላገኘው ሁሉ እንዴት አደርክ የሚል፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ሲበላም ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ የሚበላ ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

የሚገዛው ዱር ፍም ጎራ ይባላል። ፍም ጎራን ከሌላው ዱር የሚለየው መሐሉ ላይ ያለው የእሳት ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን ያገኘው የአንበሳው አያት ነው። ቤተ መንግሥቱ በጥበቡ መርምሮ አገኘው ይላል፤ ሽማግሌዎቹ እንስሳት ግን ሊተኛ ሲል ጅራቱ ተቃጥሎ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ እሳቱ ከምድር ሥር ሆኖ መሬቱን ያሞቃል፣ በውርጭ ወራት ሣር ያበቅላል፣ ኩሬውን ለብ ያደርጋል። የጎረቤት ዱር እንስሳት በብርድ ሲንቀጠቀጡ የፍም ጎራዎቹ ሆዳቸውን ሞቃት መሬት ላይ ዘርግተው ያዛጋሉ። በዚህም ይኮሩ ነበር፤ እኔ ብሆንም እኮራለሁ።

እሳቱ ግን ዝም ብለው የሚተዉት ዓይነት አይደለም። ጉድጓዱ ትልቅ የድንጋይ ክዳን አለው፤ ክዳኑ እንዳይግል ዝንጀሮዎች ከኩሬው በቅል ውሃ እየቀዱ በፈረቃ ያፈሱበታል። ውሃው ከተቋረጠ ክዳኑ ይግላል፤ ከጋለ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ መሬቱ ይፈላና ጎሬው ውስጥ የተገኘ ሁሉ ይቀቀላል። አያትየው አንበሳ ይህን ስለሚያውቅ ሲሞት ሕግ ትቶ ሄደ። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ዝሆን ውስጡ የተቦረቦረውን የዋርካ ግንድ ሦስት ጊዜ ይመታል። ግንዱ ሲመታ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ከጎሬው ይወጣል፣ በጥሻው መሐል በምታልፈው መንገድ ይሮጣል፣ ነፋስ በር የምትባለውን ጠባብ ማለፊያ አልፎ ሸንተረሩ ላይ ይቆማል፤ ስሙ ሲጠራም አቤት ይላል። መሮጥ የማይችል ተሸካሚ ይመደብለታል። ቀኑም የሩጫ ቀን ይባላል።

እውነቱን ለመናገር የሩጫ ቀንን የሚወድ አልነበረም። ጉማሬ በዚያ ሳምንት ሁልጊዜ ወገቡን ያመዋል። ከርከሮ ደግሞ ነፋስ በር ላይ ማን እንደገፋው ሲያጣራ እስከሚቀጥለው ዓመት ይከርማል። ቢሆንም እያጉረመረሙም ይሮጡ ነበር። መንገዲቱን የሚመነጥር ሠራተኛ አልነበረም፤ በዓመት አንድ ቀን ያ ሁሉ ኮቴ ሲያልፍባት ነበር ቁጥቋጦው የሚረጋገጠው። ይህን ግን ያኔ ያስተዋለ የለም።

ቀኑን ከልቧ የምትወደው እመት ኤሊ ብቻ ነበረች። ተሸካሚዋ ጋሽ ጎሽ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ጀርባው ላይ ጉብ ብላ፣ ከላይ ሆና አገሩን እያየች፣ ጨዋታዋን እያወራችለት ሸንተረሩ ላይ ደርሳለች። እሱ በሩጫ ላይ መልስ መስጠት ስለማይችል ከዚያ የተሻለ አድማጭ አላገኘችም። ጎረቤቷ እመት ጥንቸል ናት። ጥንቸል ጎሬዋን የቆፈረችው ጉድጓዱ አጠገብ፣ መሬቱ በጣም ከሚሞቅበት ቦታ ነው፤ ልጆቿ በብርድ አያለቅሱም። ኤሊና ጥንቸል እንደ እናትና ልጅ ይዋደዱ ነበር።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ሳል መጣ። ከየት እንደመጣ እስከዛሬ ይከራከራሉ። መጀመሪያ ፍየል መሰል እንስሳትን ያዘ፣ ቀጥሎ ቀንዳሞችን፣ ከዚያ ማንንም አልመረጠም። አንበሳው ከልቡ ደነገጠ። ማንም ከማንም ሁለት ቁመት ርቆ ይቁም የሚል አዋጅ አወጣ። በማን ቁመት የሚለው ሦስት ቀን አከራከረ፤ አይጥ በአይጥ ቁመት ይሁን አለች፣ ዝሆን በዝሆን አለ፣ ቀጭኔ ፈገግ ብቻ አለች። በመጨረሻ በአንበሳ ቁመት ሆነ፣ ጅራቱን ጨምሮ።

ዝናቡ አባርቶ የሩጫ ቀን ሲቃረብ ጉባኤ ተጠራ። የአንበሳው ጸሐፊ ቀበሮ ጉብታ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ነፋስ በር ጠባብ መሆኗን፣ ሁሉም ተፋፍጎ እንደሚያልፍባት፣ በዚህ ዓመት መሮጥ ማለት ሳሉን ለሁሉም ማደል መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ የሩጫ ቀን ለሌላ ጊዜ ተላልፏል አለ። ቀበሮን ብዙ ጊዜ አማዋለሁ፣ በዚህ ግን አልተሳሳተም። እኔም ብሆን አላስሮጥም ነበር።

እመት ኤሊ ግን አንገቷን አወጣች። ሁሉም በአንድ ቀን ይሩጥ የሚለው ቢቀር፣ በየወገኑ በየቀኑ ቢሮጥስ ብላ ጠየቀች፤ ሰኞ ጥንቸሎች፣ ማክሰኞ ከርከሮዎች፣ እንዲህ እያለ። ጉባኤው ሳቀ። ሩጫ ሩጫ የምትለው ኤሊ መሆኗ ነበር ያሳቃቸው። ቀበሮም በአክብሮት መለሰላት። ሕጉ ሁሉም አንድ ላይ ይሩጥ ስለሚል ለውጡ ሕግ ማሻሻያ ይጠይቃል፤ ሕግ የሚሻሻለው በጉባኤ ነው፤ ጉባኤ ደግሞ በሳሉ ምክንያት ተከልክሏል አላት። ይህን የተናገረው በጉባኤ ላይ ቆሞ ነው። ሁሉም አጨበጨበና ተበተነ።

ያን ዓመት አዲስ ችግር መጣ። አመሻሽ ላይ እንስሳቱ ኩሬው ዳር እየተሰበሰቡ ወሬ ይይዛሉ፣ ሳሉም ይዛመታል። ሁሉም በጊዜ ወደ ጎሬው እንዲገባ የሚያሳስብ ምልክት ያስፈልግ ነበር። ቀበሮ አሰበና የዋርካውን ግንድ አስታወሰ። ዱሩን ሁሉ የሚያዳርስ ድምፅ አለው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ዝሆንም ሥራ ፈትቶ ቆሟል። በየምሽቱ ሦስት ጊዜ ይመታ፣ ሲመታ ሁሉም ወደ ጎሬው ይግባ ተባለ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግራ መጋባት ነበር። ግንዱ ሲመታ ሽማግሌዎቹ እግራቸው ሳያማክራቸው ወደ ጥሻው መንገድ ይፈተለክ ነበር። ዘብ የቆሙ ነብሮች መንገዱ አፍ ላይ እየጠበቁ መለሷቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የወጣውን ጆሮውን ነከስ አደረጉት። በወሩ ማንም አልሳተም። ግንዱ ገና አንዴ ሲመታ ዱሩ ጭር ይላል። በዚያ ዓመት የተወለዱት ደግሞ ሌላ ትርጉም ሰምተው አያውቁም፤ የእመት ጥንቸል ልጆች ሦስተኛው ምት ሳይመታ ጎሬያቸው ጫፍ ላይ ተደራርበው ይገኙ ነበር። እናታቸውም በዚህ ትመካ ነበር።

በሁለተኛው ዓመትም ሩጫው ተላለፈ። በዚያው ዓመት ጋሽ ጎሽ በሳሉ ሞተ። እመት ኤሊ ከልቧ አለቀሰች፤ አርባ ዓመት የተሸከማትን ጀርባ ቀብሮ መመለስ ቀላል አይደለም። ሐዘኗን ስትጨርስ ወደ ቀበሮ ሄደች። ከጎሬዋ እስከ ቀበሮ ቤት ሁለት ቀን ፈጀባት።

«አቶ ቀበሮ፣ ተሸካሚዬ ሞቷል። ሌላ ይመደብልኝ» አለችው።

«እግዜር ያጥናሽ እመት ኤሊ። ተሸካሚ የሚመደበው በሩጫ ቀን ዋዜማ ነው።»

«የሩጫ ቀን መቼ ነው?»

«ተላልፏል።»

«እስኪመጣ ድረስ ክዳኑ ቢሰነጠቅስ?»

ቀበሮ ጥያቄዋን የዛፍ ቅርፊት ላይ በጥፍሩ ጻፈው፤ ጽሑፉ ያምር ነበር። ለሚመለከተው ክፍል እንደሚያስተላልፍ ነገራት። የሚመለከተው ክፍል ራሱ እንደሆነ አውቃለች፤ ግን ትልቅ ሴት ናትና አመስግናው በሁለት ቀን ተመለሰች።

ስትመለስ በእሳቱ ጉድጓድ በኩል አለፈች። ድሮ በአንድ ፈረቃ ሃያ ዝንጀሮ ይሠራ ነበር። አሁን ግማሹ ታሞ ተኝቷል፣ የቀሩት ሁለት ቁመት ተራርቀው ስለሚቆሙ ቅሉን ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ቀርቷል፤ እያንዳንዱ ብቻውን ኩሬ ወርዶ ብቻውን ይመለሳል። ክዳኑ ላይ ያረፈው ውሃ ቸስ ብሎ ይጠፋል። ዝንጀሮዎቹን እንዴት ናችሁ አለቻቸው። አንዱ እየሳለ ደህና ነን አላት፤ መሬቱ ግን የሆዷን ቅርፊት አለወትሮው አቃጠላት። መሮጥ በቀረበት ዘመን የሚያስሮጠው ነገር እየቀረበ መሆኑን የዚያን ዕለት ገባት፤ ፈራችም።

በሦስተኛው ዓመት ሳሉ ቀለል ብሎ ነበር። እንሩጥ የሚል ግን ጠፋ። ሦስት ዓመት ያልሮጠ እግር እንኳን ሊሮጥ መነሳቱንም ይጠላል። አንበሳው ራሱ የአያቱን ሕግ እያሰበ ቅር ይለው ነበርና ቀበሮን ምን ይሻላል አለው። ቀበሮም ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ጥያቄ ላከ፤ ግንዱ ቢመታ ሸንተረሩ ላይ ትደርሳለህ ወይ የሚል። ማን አልደርስም ይላል? ጉማሬ እንኳ ከሁሉ ቀድሜ አለ። ቀበሮ መልሶቹን ሰብስቦ፣ ሁሉም እንደሚደርስ በመረጋገጡ የዘንድሮው ሩጫ እንደተካሄደ ይቆጠር የሚል ጻፈ፤ አንበሳውም መዳፉን አተመበት። ከሁሉም መልስ አንዱ ብቻ ለየት ይላል። እመት ኤሊ በአሥራ ሁለት ቀን እደርሳለሁ ብላ ነበር። ቀበሮ ይህን «ትደርሳለች» ብሎ አሳጠረው።

እመት ኤሊ ይህን ስትሰማ አንድ ቀን ሙሉ ቅርፊቷ ውስጥ ገብታ አሰበች። ተሸካሚ የለኝም። ክዳኑ ከጋለበት እስከሚሰነጠቅበት ግማሽ ቀን ነው። እኔ አሥራ ሁለት ቀን እፈልጋለሁ። ስለዚህ ግንዱ ከመመታቱ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት መነሳት አለብኝ፤ መቼ እንደሚመታ ደግሞ አላውቅም፤ ስለዚህ ዛሬ ልነሳ። ሒሳቡ እንከን የለውም። በማግስቱ ጥንቸልን ልትሰናበት ሄደች።

ጥንቸል መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ከፋት።

«እማማ፣ ምን ሆነሻል? ማን ሩጪ አለሽ?»

«ማንም። እኔ ሲባል ብነሳ አልደርስም። አንቺም ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፤ መንገዱን አሳዪያቸው።»

«ሳይታዘዝ? ጆሯቸውን ሊያስነክሱብኝ ነው?» አለች ጥንቸል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አጽናናቻት። «አይዞሽ፣ እኛ ምንም አንሆንም። ግንዱ ከተመታ ምን ማድረግ እንዳለብን ከልጆቼ የበለጠ የሚያውቅ የለም።»

እመት ኤሊ የትንሹን ጥንቸል ጆሮ በአፍንጫዋ ነክታ ሄደች። የአንዲት ኤሊ ሽሽት ለዱሩ የሳምንት መሳቂያ ሆነ። ጠዋት ተሰናብተዋት ማታ እዚያው ያዩዋት ነበር፤ ደርሰሽ ተመለስሽ እንዴ እያሉ ያበሽቋት ነበር። በአራተኛው ቀን ከዓይናቸው ራቀች።

ጥሻው ውስጥ ስትገባ መንገዲቱን አጣቻት። ኮቴ ያልረገጣት መንገድ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀጋና አጋም ለብሳለች፤ እሾሁ ከዚህም ከዚያም ተቆላልፎ ጋሽ ጎሽ እንኳ ቢነሳ የሚያልፍበት አልነበረም። ኤሊ ዝቅ ያለች ስለሆነች ከሥር ከሥሩ ገባች። በየጥቂቱ አንገቷን እያወጣች የጥንቸልን ልጆች ታስብ ነበር፤ እነሱም ትንንሾች ናቸው፣ በዚህ በኔ በሄድኩበት ያልፋሉ፣ መጥተው ቢሆን ኖሮ ትላለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ነፋስ በር ደረሰች፣ በአሥራ ሁለተኛው ረፋድ ላይ ሸንተረሩ ላይ ወጣች። ማንም ስላልጠራት አቤት አላለችም።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ክዳኑ አጓራ። በፈረቃው የተገኙት ዝንጀሮዎች አራት ነበሩ፤ የአንዱ ቅል ቀዳዳ ነበር። ጭስ ወጣ። አንዱ ዝንጀሮ እየሮጠ ለዝሆን ነገረው፣ ዝሆንም ተግባሩን አልዘነጋም፣ ግንዱን ሦስት ጊዜ መታው። ወዲያው ዱሩ ጭር አለ። ሣር የሚግጠው ሣሩን፣ ውሃ የሚጠጣው ውሃውን ትቶ እየተሽቀዳደመ ጎሬው ገባ። እንዲህ ያለ ሥርዓት በአያትየው ዘመን እንኳ አልታየም። ዝሆን ብቻ፣ የሚገባበት ጎሬ ስለሌለው፣ ግንዱ አጠገብ ተገትሮ ቀረ።

አንበሳው የአያቱን ሕግ ባያስከብርም አልረሳውም ነበር። እሾሁን በጉልበቱ እየቀደደ ወጣ፤ ቀበሮም በቀደደው ተከተለው። ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ የአንበሳው ጎፈር ግማሹ አጋሙ ላይ ቀርቶ ነበር። እመት ኤሊን አገኟት። አንበሳው እንዴት ዋልሽ ካላት በኋላ ዞሮ ወደ ታች ተመለከተ። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ጠበቀ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጭስ ጠቆረ። አሁንም ማንም የለም።

«የት ቀሩ?» አለ አንበሳው።

«ጌታዬ፣ ግንዱ ሲመታ ግቡ ተብለዋል፤ ገብተዋል» አለችው ኤሊ።

አንበሳው የዚህን ጊዜ ነገሩ ገባው። ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ውጡ፣ ኧረ ውጡ እያለ በሙሉ ድምፁ አገሳ። ከታች የሰሙት ጌታችን ተቆጥቷል፣ ምናልባት ጅራታችን ውጭ ቀርቶ ይሆናል ብለው የባሰ ወደ ውስጥ ገቡ። አንበሳው ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ፤ እኔ የሰማሁት አልቅሷል ነው። ቀበሮ ሲያለቅስ አላየሁም ይላል።

ከዚያ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ወቅቱ የዝናብ አልነበረም፣ ግን ዘነበ። እንዴት ያለ ዝናብ መሰላችሁ! ክዳኑ ላይ ሲያርፍ ዱሩ ሁሉ በእንፋሎት ተሸፈነ። እስከ ማምሻው ዘነበና ክዳኑ ሳይሰነጠቅ በረደ። ሲነጋ አንበሳው ጎንበስ ብሎ እመት ኤሊን ጀርባው ላይ አወጣት፤ አሥራ ሁለት ቀን የፈጀባትን መንገድ በአንድ ጠዋት መለሳት። በመንገድ ላይ ብዙ ነገረችው። እሱም እንደ ጋሽ ጎሽ ዝም ብሎ ሰማት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ጉባኤ ሆነ። ቀበሮ ሌሊቱን ሲጽፍ ያደረውን አነበበ። ሲተላለፍ የቆየው የሩጫ ቀን ትናንት ድንገት መካሄዱን፣ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ በር ላይ አንድም እንስሳ አለመረገጡን፣ አንድም ግልገል ከእናቱ አለመጥፋቱን፣ ሥርዓቱም ፍጹም እንደነበር ዘረዘረ። ዝናቡን ከአስተዳደሩ ጥረት ጋር አያያዘው። እንስሳቱ ተደሰቱ፤ ከርከሮም ማንም እንዳልገፋው መሰከረ። የቀረው የአንበሳው የመዳፍ ማኅተም ብቻ ነበር። አንበሳው መዳፉን አላነሳም። ጀርባው ላይ ያለችው ኤሊም አልወረደችም።

ያኔ እመት ጥንቸል ፈቃድ ጠይቃ ተነሳች። በጉባኤ ተናግራ ስለማታውቅ ትንሽ ተርበተበተች። ልጆቿን ከኋላዋ አሰልፋለች፤ ሆዳቸው ላይ ጸጉራቸው ተልጦ ቆዳው ቀልቷል።

«ጌታዬ፣ ግንዱ ሲመታ እንደተማርነው ገባን» አለች። «መሬቱ ይፋጅ ነበር። ልጆቹ አለቀሱ፣ እንውጣ አሉኝ። ትንሹማ ወጥቶ ሊሮጥ ሲል በጆሮው ጎትቼ መለስኩት። ከዚያ እንዳይወጡብኝ የጎሬውን አፍ በአፈር ደፈንኩትና ላያቸው ላይ ተኛሁባቸው። እስኪያባራ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ደግ አደረግሁ፣ ጌታዬ?»

ጉባኤው ወደ አንበሳው ዞረ። ቀበሮ መልሱን ሊጽፍ ጥፍሩን ቅርፊቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። እመት ጥንቸልም፣ ምስጋና የለመደች ባትሆንም፣ ዛሬስ ሳትሰማ እንደማትሄድ በሚያስታውቅ ዓይን ቀና ብላ አየችው። አንበሳው የልጆቹን የተላጠ ሆድ እያየ ቀረ። ጥንቸል ምናልባት አልሰማኝ ይሆናል ብላ ጥያቄዋን ደገመችው።